«ታኅሣሥ» አልገባም ሲል፦ በአንድሮይድ ካንቫስ ላይ የጽሑፍ ስፋት አለካክ

አንድ ጊዜ ለሱቅ የሚሆን የሒሳብ መያዣ አፕ እየሠራሁ ነበር። የየወሩን ሽያጭ የሚያሳይ የባር ግራፍ ይግባበት ተባለ። ቀላል ነው ብዬ ገባሁበት። ባሮቹ በግማሽ ቀን አለቁ፤ ከሥራቸው የወሮቹን ስም መጻፉ ግን ሦስት ቀን በላ። የእኛ ዓመት 13 ወር ነው፣ ስለዚህ 13 ባር፣ 13 ስም። «ጥር» እና «ሰኔ» ቦታቸው ላይ ጸጥ ብለው ተቀመጡ። «ታኅሣሥ» ግን ግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ ላይ ወጣባቸው፣ «መስከረም» ደግሞ የመጀመሪያ ፊደሉ ከስክሪኑ ውጭ ቀርቶ «ስከረም» ሆኖ ቁጭ አለ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ስፋቱን አልለካሁም፣ ገመትኩ። የፊደሎቹን ብዛት በፊደሉ መጠን አባዝቼ ለ2 አካፍዬ መሐሉን አገኘሁ ብዬ ነበር። እኔ ስልክ ላይ ትንሽ ዘመም ቢልም ያስኬዳል። ደንበኛዬ ግን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸው ስለደከመ የስልካቸውን ጽሑፍ በሴቲንግ እስከ ጥግ አሳድገውታል፤ እሳቸው ስልክ ላይ ሲከፈት 13ቱም ወሮች ተነባብረው አንድ ጥቁር መስመር ሆኑ።

ያንን ሦስት ቀን እንዳትደግሙት ይኸው። በአንድሮይድ፣ በኮትሊን፣ በራሱ ቪው (የስክሪኑ አንድ ክፍል) ውስጥ ካንቫስ (የመሳያ ሸራ) ላይ በእጁ ለሚስል ሰው ነው የምጽፈው። የፈንክሽኖቹን ስም በእኛው ፊደል ነው የማሰፍረው፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ መነሻውን ስትጽፉ የቀረውን ራሱ ያወጣላችኋል።

ከመለካት በፊት፦ የትኛውን ስፋት?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጽሑፍ ስፋት ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ልንል እንችላለን።

አንደኛውን እርምጃ እለዋለሁ። ፎንቱ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል «እኔ ከተጻፍኩ በኋላ ብዕሩ ይህን ያህል ወደ ቀኝ ይራመድ» የሚል ቁጥር አለው። የነዚህ ድምር፣ ፎንቱ የሚያደርጋቸው ትናንሽ ማስተካከያዎች ተጨምረውበት፣ የጽሑፉ እርምጃ ነው። ከፊደሉ ግራና ቀኝ ያለው ስስ ክፍተት ይቆጠራል። ባዶ ቦታም ይቆጠራል። ይህን የሚነግራችሁ ሜዠርቴክስት ነው።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው። ማለትም በትክክል ጥቁር የሆኑትን ፒክስሎች ብቻ አጥብቆ የሚከብብ ሳጥን። ይህን የሚሰጣችሁ ጌትቴክስትባውንድስ ነው። መልሱን በቀጥታ አይመልስም፣ የሰጣችሁትን ሬክት (የአራት ማዕዘን ሳጥን ልክ የሚይዝ ዕቃ) ነው የሚሞላው።

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አስቡት። እርምጃው ወንበሩ ነው፣ ቀለሙ የተቀመጠው ሰው። ቀጭን ሰው ቢቀመጥም ወንበሩ ያው አንድ ወንበር ነው፣ ሰፊ ሰው ከሆነ ደግሞ ትከሻው ወደ ጎረቤት ያልፋል። ዘመም ያለ የላቲን ጽሑፍ ላይ ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ የመጨረሻው ፊደል ጫፉ ከእርምጃው አልፎ ይወጣል፣ በእርምጃው ልክ ብትቆርጡት ጫፉ ይጎመዳል።

ታዲያ መቼ የቱን? ጽሑፍ ከጽሑፍ አጠገብ የሚሰለፍ ከሆነ፣ ከሥሩ መስመር የሚሰመርበት ከሆነ፣ ከኋላው ሌላ ቃል የሚቀጥል ከሆነ እርምጃውን። አንድ ነጠላ ፊደል ወይም ቁጥር ክብ ውስጥ ልክ መሐሉ ላይ መቀመጥ ካለበት፣ ወይም ጽሑፉን በልኩ ቆርጣችሁ ወደ ምስል የምትቀይሩ ከሆነ ቀለሙን። ለእኔ የወር ስሞች የሚያስፈልገው እርምጃው ነው።

ደረጃ 1፦ ፔይንቱን መጀመሪያ ጨርሱት

ሜዠርቴክስት የሚገኘው ካንቫሱ ላይ አይደለም፣ ፔይንቱ ላይ ነው። ምክንያቱም አንድ ቃል ብቻውን ስፋት የለውም። ስፋት የሚኖረው ፎንቱ፣ መጠኑ፣ ድምቀቱ፣ በፊደላት መሐል ያለው ርቀት ሲታወቅ ነው። እነዚህ ሁሉ ያሉት ፔይንቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አስገብታችሁ ስትጨርሱ ብቻ ለኩ። የለካችሁበት ፔይንት እና የምትስሉበት ፔይንት አንድ ይሁን። ለክታችሁ ስታበቁ «ትንሽ ደመቅ ይበል» ብላችሁ ቦልድ ካደረጋችሁት ልኬቱ የሌላ ጽሑፍ ልኬት ነው።

ፔይንቱን ስትፈጥሩ ቴክስትፔይንት የሚባለውን ውሰዱ። የፔይንት ልጅ ነው፣ ኋላ ረጅም ጽሑፍ ስትሰብሩ መፈለጋችሁ አይቀርም።

መጠኑ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቴክስትሳይዝ የሚቀበለው ፒክስል ነው፣ ኤስፒ (ተጠቃሚው በሴቲንግ ከመረጠው የጽሑፍ መጠን ጋር የሚያድገው መለኪያ) አይደለም። 12 ብላችሁ ብትጽፉ 12 ፒክስል ነው የሚሆነው፣ ዛሬ ባሉት ስክሪኖች ላይ የጉንዳን ጽሑፍ። ከኤስፒ ወደ ፒክስል ለመቀየር ታይፕድቫልዩ ውስጥ ያለውን አፕላይዳይሜንሽን ተጠቀሙ። ድሮ በስኬልድዴንሲቲ (አንድ ኤስፒ ስንት ፒክስል እንደሆነ በሚናገረው ቁጥር) ማባዛት ይበቃ ነበር። ከአንድሮይድ 14 ወዲህ ግን ተጠቃሚው ጽሑፉን እስከ 200 በመቶ ማሳደግ ይችላል፣ እድገቱም እኩል አይደለም፤ ትንሹ ጽሑፍ ብዙ ያድጋል፣ ቀድሞውኑ ትልቅ የነበረው ጥቂት። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ማባዛት ያሳስታችኋል። የደንበኛዬ ስልክ ላይ የተጋለጥኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ፎንቱን ከኢንተርኔት የምታወርዱ ከሆነ ደግሞ እስኪደርስ ጠብቁ። ወይም ሲደርስ እንደገና ለኩ።

ደረጃ 2፦ የምትለኩትን ጽሑፍ አጽዱ

ከዳታቤዝ የመጣ «ጥር» ከኋላው ባዶ ቦታ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። በዓይን አይታይም። ሜዠርቴክስት ግን ይቆጥረዋል፣ ጌትቴክስትባውንድስ አይቆጥረውም። አንዱ ስም ብቻ ያለ ምክንያት ወደ ግራ ዘመም ካለባችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ትሪም አድርጉት፣ ያልቃል።

ሁለተኛ የእኛ ጉድ አለ። ያው ወር «ታኅሣሥ» ተብሎም ይጻፋል፣ «ታህሳስ» ተብሎም። «ሐምሌ»ም «ሀምሌ»ም። ድምፁ አንድ ነው፣ ስፋቱ ግን አንድ አይደለም፤ ሐ ሦስት እግር ናት፣ ሀ አንድ ጎድጓዳ ሳህን። ሠ እና ሰም እንደዚያው። በአንዱ አጻጻፍ ለክታችሁ በሌላው ከሳላችሁ ልኬቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሊሳል ያለውን ራሱን ቃል ለኩ። የሚመስለውን አይደለም።

ጽሑፉ ውስጥ አዲስ መስመር የሚያስጀምር ምልክት ካለም አውጡት። ሜዠርቴክስትም፣ ጽሑፉን ካንቫሱ ላይ የሚስለው ድሮውቴክስትም መስመር መስበር አያውቁም፤ ሁሉም ነገር ለእነሱ አንድ መስመር ነው።

ደረጃ 3፦ ለኩ

ይህ ደረጃ አንድ መስመር ኮድ ናት። ፔይንት ነጥብ ሜዠርቴክስት፣ ቅንፍ ውስጥ ቃሉ፣ በቃ። የሚመለሰው ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ነው፣ በፒክስል። ወደ ሙሉ ቁጥር መቀየር ካለባችሁ ወደ ላይ አጠጋጉት። ወደ ታች ከቆረጣችሁት አንድ ፒክስል ትጎድላለች፣ በዚያች አንድ ፒክስል የተነሳ ቃሉ «አልገባም» ተብሎ ሦስት ነጥብ ይለጠፍበታል። በእኔ ደርሷል።

ፊደል በፊደል ለክታችሁ ልትደምሩ አታስቡ። በአማርኛ ፊደሎቹ ስለማይያያዙ ድምሩ ብዙ ጊዜ ይገጥማል፣ እሱ ነው የሚያሳስተው። በላቲን ፊደል ግን ኤ እና ቪ ትልልቆቹ ጎን ለጎን ሲመጡ ፎንቱ ያቀራርባቸዋል፣ ስለዚህ አብረው ሲለኩ ከድምራቸው ያንሳሉ። በዓረብኛ ደግሞ ፊደሉ እንደ ጎረቤቱ መልኩን ይቀይራል፣ ድምሩ ትርጉም የለውም። ኢሞጂ ከገባ የባሰ ነው፤ አንዱ ኢሞጂ በስትሪንጉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቻር (የአንድ ፊደል) ቦታ ይይዛል፣ መሐሉን ከቆረጣችሁት የምትለኩት ስብርባሪ ነው። የእያንዳንዱ ፊደል ስፋት የግድ ካስፈለጋችሁ ጌትቴክስትዊድዝስ የሚባለው አለ፣ ሙሉውን ቃል ሰጥታችሁት ለየፊደሉ የደረሰውን በአሬይ ይሞላላችኋል።

በፊደል ብዛት ማባዛት ለምን እንደማይሠራ ለማየት ደግሞ «ጠጠጠ» እና «ነነነ» ብላችሁ አንድ በአንድ ለኩ። ሁለቱም ሦስት ፊደል ናቸው። ቁጥሩን እዩትና ፍረዱ።

ደረጃ 4፦ መሐል ላይ አስቀምጡት

የባሩን መሐል ታውቃላችሁ፣ የቃሉን ስፋት አሁን አወቃችሁ።

መነሻ = የባሩ መሐል − ስፋት ÷ 2

መነሻውን ለድሮውቴክስት ስጡት። ሌላው መንገድ የፔይንቱን ቴክስትአላይን ወደ ሴንተር መቀየር ነው፣ ያኔ ድሮውቴክስት የሚቀበለው መነሻውን ሳይሆን መሐሉን ነው፣ መለካትም አያስፈልግም። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ግን ክላሲክ ስህተት ነው። ሴንተር ብላችሁ እንደገና ግማሹን ከቀነሳችሁ ቃሉ በግማሽ ስፋቱ ወደ ግራ ይሸሻል። ስንቱን ሰዓት በዚህ እንዳቃጠልኩ አልናገርም።

በቀለሙ መሐል ማድረግ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ክብ ውስጥ «5» ስትጽፉ፣ ቀመሩ ትንሽ ይለያል። የሬክቱ ግራ ጫፍ ዜሮ ላይ ላይጀምር ይችላል፣ ምክንያቱም ፊደሉ ከብዕሩ መነሻ ትንሽ ገባ ብሎ ነው ቀለም የሚጀምረው። ስለዚህ ስፋቱን ለ2 አካፍላችሁ ብቻ ብትቀንሱ ሁለት ሦስት ፒክስል ትዘምማላችሁ። ሬክቱን ኤግዛክትሴንተርኤክስ ብላችሁ ጠይቁት፤ የክቡ መሐል ሲቀነስ ያ ቁጥር፣ መነሻው እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ቁመቱም አለ

ርዕሱ ስፋት ነው፣ ግን ይህን ካልነገርኳችሁ ነገ ሌላ ሦስት ቀን ይሄዳል።

ድሮውቴክስት የሚቀበለው ዋይ የጽሑፉ አናት አይደለም። ፊደሎቹ የሚቆሙበት መስመር ነው፣ ቤዝላይን የሚሉት፣ በደብተር ላይ ፊደል የምናስቀምጥበት ያ መስመር። ዋይን ዜሮ ካላችሁት ጽሑፉ ከስክሪኑ በላይ ይጻፍና ይጠፋል። ጀማሪ ሁሉ «ኮዱ ትክክል ነው፣ ግን ምንም አይታይም» የሚለው በዚህ ነው። ቁም ጸሐፊዎቻችን ብራናውን በወስፌ ወግተው መስመሩን ሳያሰምሩ ቀለም አይነኩም ነበር። እኛም መስመሩን እናስቀድም።

ፎንትሜትሪክስን ፔይንቱን ጠይቁት። አምስት ቁጥር ይሰጣችኋል፤ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው፣ አሴንት እና ዲሴንት። አሴንት ከመስመሩ ወደ ላይ ነው፣ ካንቫስ ላይ ደግሞ ወደ ላይ ማለት ኔጌቲቭ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይመጣል፣ አትደንግጡ።

ዋይ = መሐል − (አሴንት + ዲሴንት) ÷ 2

ለምን በቀለሙ ሬክት አላደርግም? ለአንድ ነጠላ ቁጥር አደርጋለሁ። ለ13 ስም ግን አይሆንም። የ«ጳጉሜን» ቀለም እና የ«ሰኔ» ቀለም ቁመታቸው አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱን በራሱ ቀለም መሐል ካደረጋችሁት አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይልና ረድፉ እስክስታ ይመታል። ፎንትሜትሪክስ ግን ቃሉን አያይም፣ ፎንቱን ብቻ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ይቆማሉ።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ብቻ የሚያገኘው ጣጣ አለ። የአንድሮይድ ዋና ፎንት ሮቦቶ ነው፣ ሮቦቶ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ሲስተሙ ፊደላችንን ሲያይ ወደ ተጠባባቂ ፎንት ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ ኖቶ ኢትዮፒክ ነው። ሜዠርቴክስት ይህን ያውቃል፣ ስፋቱን ከተጠባባቂው ነው የሚወስደው፣ ትክክል ነው። ፎንትሜትሪክስ ግን የዋናውን ፎንት ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። ስለዚህ ላይና ታች በጣም አጥብባችሁ ከሠራችሁ የአማርኛው አናት ወይም እግር ሊቆረጥ ይችላል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው የአማርኛ ፎንት አፑ ውስጥ ከታችሁ እሱኑ ፔይንቱ ላይ ማድረግ፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፣ ስልክ በተቀየረ ቁጥር ልኬት አይቀያየርም። ሁለተኛው 13ቱንም ስሞች በጌትቴክስትባውንድስ አልፋችሁ ከሁሉም የወጣውን አናትና ከሁሉም የወረደውን እግር መያዝ ነው።

ደረጃ 6፦ የግራውን ዳር ለኩ፣ ከታቹ በፊት

ከግራፉ በስተግራ የብር መጠኖች አሉ፤ «5,000 ብር»፣ «25,000 ብር»። ለነሱ የሚተወው ቦታ ስንት ይሁን? ሰው ብዙ ጊዜ 40 ዲፒ (እንደ ስክሪኑ ጥራት ወደ ፒክስል የሚቀየር መለኪያ) ብሎ ይመታል። ሽያጩ ሚሊዮን ሲገባ ቁጥሩ ይቆረጣል። ሁሉንም ለኩ፣ ትልቁን ያዙ፣ ትንሽ ክፍተት ጨምሩ፤ የግራው ዳር እሱ ነው። ረጅሙን ቁጥር ብቻ መለካት ይበቃል የሚሉ አሉ፣ በብዙ ፎንት አሃዞች እኩል ስፋት ስላላቸው ያስኬዳል፣ ግን አምስት ስድስት ጽሑፍ መለካት ምንም አያስከፍልምና ሁሉንም ለኩ። ስትስሉ ቴክስትአላይንን ራይት አድርጉት፣ «ብር» የሚለው ቀኝ ጫፉ ላይ ተሰልፎ ያምራል።

ይህ የሚቀድመው ለባሮቹ የሚተርፈው ስፋት ከዚህ በኋላ ስለሚታወቅ ነው።

ደረጃ 7፦ ካልገባስ?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፣ በቁጥር እንየው። ስክሪኑ 1080 ፒክስል ይሁን፣ አንድ ዲፒ 3 ፒክስል የሆነበት። የግራው ዳር ተለክቶ 180 ወጣ እንበል፣ ለቀኝ 48 ተውን። 852 ይቀራል። ለ13 ስናካፍል 65 ከምናምን። በስሞቹ መሐል 5 ፒክስል እንተው፣ ለአንድ ስም 60 ፒክስል ደረሰው። ጽሑፉ 12 ኤስፒ ነው፣ ተጠቃሚው ምንም ካልነካ 36 ፒክስል። «ታኅሣሥ» ተለክቶ 120 ወጣ እንበል። እጥፍ!

የመጀመሪያው ሐሳብ ማሳነስ ነው። ስፋት ከመጠን ጋር እኩል ስለሚሄድ መፈለግ አያስፈልግም፣ አንድ ማካፈል ነው፤

አዲስ መጠን = አሁን ያለው መጠን × የተፈቀደው ስፋት ÷ የተለካው ስፋት

36 × 60 ÷ 120፣ 18 ፒክስል። አዲሱን መጠን አስገብታችሁ አንዴ ደግማችሁ ለኩ፣ በማጠጋጋት የተነሳ ፒክስል ልትተርፍ ትችላለች፤ ከተረፈች ግማሽ ፒክስል ቀንሱ። ደግሞ ለየስሙ የየራሱን መጠን አትስጡ። ከ13ቱ ሰፊውን ይዛችሁ በእሱ አስሉ፣ መጠኑን ለሁሉም። አለበለዚያ «ጥር» ግዙፍ «ታኅሣሥ» ድንክ ይሆናሉ፣ ሰው ጥር ወር ላይ ልዩ ነገር ያለ ይመስለዋል።

ግን 18 ፒክስል ማለት 6 ኤስፒ ነው። ማን ያነበዋል? ደንበኛዬማ መነጽር በመነጽር ላይ ቢያደርጉም አያነቡትም። ስለዚህ ወለል አብጁ። እኔ ከ10 ኤስፒ በታች አልወርድም። ከዚያ ወለል በታች የሚያወርድ ከሆነ ማሳነሱን ተውት፣ ሌላ መንገድ።

ማዘመም አንዱ መንገድ ነው። ካንቫሱን ሴቭ፣ በ45 ዲግሪ ሮቴት፣ ድሮውቴክስት፣ ሪስቶር። ሪስቶርን ከረሳችሁ የቀረው ግራፍ ሁሉ ተንጋዶ ይሳላል። ስትዘምሙ ስፋቱ ወደ ቁመት ይለወጣል፣ ስለዚህ ከታች የምትተዉትን ቦታ እንደገና ማስላት አለባችሁ። በ45 ዲግሪ የስፋቱና የቁመቱ ድምር ሲባዛ በ0.71 ነው። 120 ስፋት፣ 42 ቁመት ቢሆን 115 ፒክስል አካባቢ። ያ ከባሮቹ ቁመት ላይ ነው የሚቀነሰው። ይሠራል፣ ግን ቆንጆ ነው አልልም፤ አንገት ያስጠመዝዛል።

ሌላው ሦስት ነጥብ ነው፣ ቴክስትዩቲልስ ውስጥ ኢሊፕሳይዝ የሚባለው። ለረጅም የዕቃ ስም ግሩም ነው። ለወር ስም ግን «መ…» እና «መ…» ማለት ምንድን ነው? መስከረም ነው መጋቢት?

እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ማሳጠር ነው። ሁለት ሁለት ፊደል፦ መስ፣ ጥቅ፣ ኅዳ፣ ታኅ፣ ጥር፣ የካ፣ መጋ፣ ሚያ፣ ግን፣ ሰኔ፣ ሐም፣ ነሐ፣ ጳጉ። ሁሉም ይለያያሉ፣ ማንም አይደናገርም። «ግን» የምትለዋ ብቻ ዓረፍተ ነገር ልትጀምር ያሰበች ትመስላለች፣ ይለመዳል። ኮዱ መጀመሪያ ሙሉ ስሞቹን ይለካል፣ ከገቡ እነሱን ይስላል፤ ስልኩን ወደ ጎን ሲያዞሩት ብዙ ጊዜ ይገባሉ። ካልገቡ አጭሮቹን ይለካል። እነሱም ካልገቡ እስከ ወለሉ ያሳንሳል። እዚያም ካልገቡ ያዘማል። ይህ ሁሉ ጥቂት መስመር ናት፣ ምክንያቱም የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሰፊው ስም ስፋት ከተፈቀደው ይበልጣል ወይ?

ደረጃ 8፦ የት ቦታ ትለካላችሁ?

ኦንድሮው (ቪው በተሳለ ቁጥር የሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ አትለኩ። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለአንዱ ሥዕል ያላችሁ ጊዜ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፣ 120 ጊዜ ከሆነ 8። በዚያ ውስጥ ያልተለወጠን ቃል ደጋግሞ መለካት ሻይ በፈላ ቁጥር ስኳሩን ከሱቅ እንደመግዛት ነው። ስፋት የሚለወጠው ጽሑፉ ሲለወጥ፣ ፔይንቱ ሲለወጥ ወይም የቪው መጠን ሲለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ «ልኬት» የሚባል ፈንክሽን ጻፉ፣ ዳታ ሲገባና ኦንሳይዝቼንጅድ ሲጠራ እሱን ጥሩ፣ ውጤቱን በፍሎት አሬይ ያዙ። ኦንድሮው ያለቀ ቁጥር እያነሳ ይሳል። ሬክቱንም ፎንትሜትሪክሱንም ከውጭ አንዴ ፍጠሯቸው፣ ኦንድሮው ውስጥ አዲስ ዕቃ ስትፈጥሩ አንድሮይድ ስቱዲዮ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል፣ እውነቱን ነው።

ረጅም ጽሑፍ ከሆነ

ከአንድ መስመር በላይ ለሆነ ነገር እስካሁን ያልኩትን በእጃችሁ አትድከሙበት። ስታቲክሌይአውት አለ። ጽሑፉን፣ ቴክስትፔይንቱን፣ የተፈቀደውን ስፋት ስጡት፤ ሰብሮ፣ ቆጥሮ፣ የየመስመሩን ስፋት ይነግራችኋል፣ ካንቫሱ ላይም ራሱን ይስላል። ቢልደሩ ላይ ተጠባባቂ ፎንት የሚጠይቀውን የመስመር ርቀት እንዲያከብር የምታዙበት ማብሪያም አለ፣ ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ፣ ለአማርኛ አብሩት። «በዚህ ስፋት ስንት ፊደል ይገባል?» ብቻ ከሆነ ጥያቄው ብሬክቴክስት ይመልስላችኋል፤ ግን እሱ ቃል አያውቅም፣ መሐሉ ላይ ይቆርጣል።

በሌላ ዕቃ ለምትሠሩ

ኮምፖዝ (ሌላው የአንድሮይድ የገጽ መሥሪያ) ላይ ሪሜምበርቴክስትሜዠረር ትላላችሁ፣ ሜዠር አድርጋችሁ የተመለሰውን ውጤት ራሱን ለድሮውቴክስት ትሰጡታላችሁ፤ የተለካውና የተሳለው አንድ ነገር ስለሆነ የደረጃ 1 ስህተት አይደርስም። ፍለተር ላይ ቴክስትፔይንተር ነው፣ ቴክስትዳይሬክሽን ካልሰጣችሁት ይጮሃል፣ ሌይአውት ሳትሉት ዊድዝ ብትጠይቁትም እንዲሁ። አይኦኤስ ላይ ስትሪንጉን ሳይዝ ዊዝ አትሪቢዩትስ ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ፣ የሚመጣው ቁጥር ነጥብ አለው፣ ወደ ላይ አጠጋጉ።

ደረጃ 9፦ በዓይናችሁ አረጋግጡ

ቁጥሩን አትመኑ፣ ሳሉት። ከእያንዳንዱ ስም ዙሪያ በእርምጃው ልክ ቀይ ሳጥን፣ በቀለሙ ልክ ሰማያዊ ሳጥን ሳሉ። ቀዩ ሳጥን ጎረቤቱን ከነካ ቦታ ጠቧል። ሰማያዊው ከቀዩ ከወጣ የሚቆረጥ ጫፍ አለ። ሁለቱም ደህና ሆነው ጽሑፉ ራሱ ከሳጥኑ ውጭ ከሆነ ሁለት የተለያየ ፔይንት ይዛችኋል፣ ወደ ደረጃ 1። ከዚያ የስልኩን ሴቲንግ ከፍታችሁ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አሳድጉ፣ ስልኩን አዙሩት፣ ሽያጩን ከ500 ብር ወደ 5,000,000 ብር ቀይሩት። በዚያ ሁሉ ካልተነካኩ ጨርሳችኋል።

ሳጥኖቹን ግን ከመልቀቃችሁ በፊት አጥፉ። እኔ ረስቼ ነበር የላክሁት። ደንበኛዬ ደውለው «ይቺ ቀይ ፍሬምማ አሪፍ ናት፣ እንዳትነካት» አሉኝ። እስካሁን አለች።